አልጋ ያላገኙ መንገደኞች ዝርዝር

ባቡር ሲዘገይ ሴቱ ሁሉ ያረግዛል። ወንዱን ደግሞ ወገቡን ያመዋል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየሁት ነው፣ ማንም አይንገረኝ።

የሥራ መደቤ «የመንገደኞች ማረፊያ ሠራተኛ» ይባላል፤ የጣቢያው ሰዎች ግን «እመ አልጋ» ነው የሚሉኝ። ባቡር ሦስት ሰዓት ሲዘገይ ሻይና ዳቦ አድላለሁ። ስድስት ሰዓት ሲዘገይ ምሳ። ከአስር ሰዓት በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ አልጋ። ያለኝ አልጋ ሃያ ብቻ ነው፦ አስራ ሁለቱ ሦስተኛው ሐዲድ ላይ ዝጎ በቀረ አሮጌ የመኝታ ፉርጎ ውስጥ፣ ስምንቱ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ፔንሲዮን ውስጥ። መንገደኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ሃያ ሆኖልኝ አያውቅም። ስለዚህ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ለእርጉዝ፣ ለሕመምተኛ፣ ለሽማግሌ፣ ከዚያ እንደ ችግሩ። ለመምረጥ ደግሞ ውሸታሙን ከእውነተኛው መለየት አለብኝ። በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር። መኩራት ብቻ አይደለም፣ ደስም ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ያን ቀን ስልሳ ሰዎች ከቅርንጫፍ መስመሩ ባቡር ወርደው ወደ ወደቡ ከተማ የሚሄደውን ትልቁን ባቡር ይጠብቃሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ ነበረበት። ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያው አለቃ ስልኩን ዘግቶ ወደኔ መጣ።

«ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል» አለኝ። «ዛሬን እርሺው። ነገም ከመጣ ተመስገን ነው።»

የነገረው ለኔ ብቻ ነው። ለመንገደኛው መንገር የኔ ሥራ ነው፤ ስድቡ ደሞዜ ውስጥ ተጨምሮልኛል። ነገርኳቸው፣ ተሰደብኩ፣ ከዚያ መስኮቴን ከፈትኩና ሰልፉ ተጀመረ።

መጀመሪያ አንዲት ቀይ ሴት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እያቃሰተች መጣች።

«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

«ስምንት።»

«ጠዋት ስትወርጂ አይቼሻለሁ። ሁለት ሻንጣ አንጠልጥለሽ ትሮጪ ነበር። ያኔ ፅንሱ የት ነበር፣ በኋላኛው ፉርጎ ነው የመጣው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ልትመልስልኝ እጇን ስታነሳ ከቀሚሷ ሥር የታጠፈ ፎጣ ሾልኮ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ፎጣዋን አንስታ ፊቷን ሸፍናበት ሄደች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ በቀኝ እግሩ ያነክሳል። «ሻይ ስትወስድ ያነከስከው በግራህ ነበር፤ በሽታው እግር ቀየረ?» አልኩት። እንደገና ሳቅ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አስራ ዘጠኙን አልጋ አከፋፈልኩ።

ሃያኛው ላይ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው መጣ። እጁ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ። አልጋ አልጠየቀኝም።

«እናቴ፣ ሌላ መንገድ የለም?» ነበር ያለኝ። «የጭነት ባቡርም ቢሆን?»

«ሐዲዱ እኮ ነው የተቆረጠው። ጭነቱስ በምን ይሄዳል?»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ በመስኮቱ አሾለከልኝ። ላቡ አርሶታል፣ ማኅተሙ ግን በደንብ ይታያል። ከሕፃናት ማሳደጊያ የተጻፈ ነው። እህቱ ከሁለት ወር በፊት ሞታለች። የአራት ዓመት ልጅ ትታለች፤ አባቷ አይታወቅም። ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ዘመድ ነኝ የሚል ሰው በአካል ካልቀረበ ልጅቷ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ትሰጣለች፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ተቀባይነት የለውም ይላል።

«ደብዳቤው በየሥራ ቦታዬ ሲከተለኝ ከርሞ ትናንት ነው የደረሰኝ» አለኝ። «ደውዬ አጎቷ ነኝ አልኳቸው። በስልክ አጎት የለም አሉኝ።»

«እናቷ ወንድም እንዳላት አያውቁም?»

«ያውቃሉ። በአካል ነው የሚለው አሉ። ከእህቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እናቴ። ለሌላ ከሰጧት ስሟ ራሱ ይቀየራል፤ የት ብዬ እፈልጋታለሁ?»

አንጀቴን በላው። ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ ከፊቱ ይነበባል። ውሸት ሳሸት የኖርኩ ሴት እዚህ ሰውዬ ላይ አንድም የውሸት ሽታ አጣሁ። ለክፉ ቀን ብዬ የማስቀምጣትን አልጋ፣ አንድ ቁጥርን፣ መስኮት ያላትን፣ አንሶላዋ አዲስ የሆነችውን ሰጠሁት።

«አልጋ አልፈልግም» አለኝ። «መሄድ ነው የምፈልገው።»

«መሄጃ እስኪገኝ ጎንህን አሳርፍ። እዚያ ስትደርስ ቆመህ ካንቀላፋህ ሰክሯል ብለው ይመልሱሃል። ፈርም።»

አመነታ። መዝገቡን ገፋ አድርጌ እስክሪብቶውን እጁ ላይ አኖርኩለት። አስገድጄ አስፈረምኩት ብል ይቀላል። ከዚያም እንደ ወትሮው ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርቴን በፋክስ ላክሁ፦ አልጋ ያገኙ ሃያ፣ አልጋ ያላገኙ አርባ፣ የአርባዎቹ ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ሰባት ሰዓት ላይ አለቃው እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ አይቼው ስለማላውቅ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

«አውቶቡስ ልከዋል! በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ ይደርሳል። ሌሊቱን ተጉዞ ሳይነጋ ወደቡ ከተማ ይገባል።»

«ስንት ወንበር?»

«አርባ። ልክ ለአርባዎቹ።»

«የትኞቹ አርባ?»

«አልጋ ላላገኙት ነዋ። መመሪያውን ረሳሽው እንዴ? አልጋ የወሰደ ተስተናግዷል፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይስተናገድም።»

አልረሳሁትም። መመሪያው ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ካፖርቴን የምሰቅለው እሱ ላይ ነው። ግን በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አውቶቡስ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ማን ይመጣል ብሎ ያስባል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው፤ ልዩነቱ ከብብቴ የወደቀው የሰው መሆኑ ነው። ውሸታሞቹን ሁሉ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ፣ እውነተኛውን አልጋ ላይ አስሬ አስቀመጥኩት።

ወደ ፉርጎው ሮጥኩ። ሰውዬው አልተኛም። ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሐዲዱን ያያል። ስነግረው መጀመሪያ «አውቶቡስ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ብድግ አለ፤ የቀረውን ሲሰማ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አልፈልግም ብዬዎት ነበር እኮ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተያይዘን አለቃው ዘንድ ሄድን። ፊርማውን ልቅደደው አልኩት።

«ምን ዋጋ አለው? ዝርዝሩ ማኅተም ተመትቶበት ሾፌሩ እጅ ነው ያለው» አለኝ። «ከአርባዎቹ አንዱ በፈቃዱ ከለቀቀ ብቻ ስሙን ሰርዘሽ በቦታው የሱን ጻፊና ፈርሚ። ሾፌሩ ያንቺን ፊርማ ይቀበላል። ሌላ መላ የለኝም።»

አዳራሹ ውስጥ አርባዎቹ ሻንጣቸውን እየሸከፉ ነበር። ሰውዬው መሃል ቆሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ታሪኩን ተናገረ። አንድ ሰው ብቻ ወንበሩን ቢለቅለት፣ ያለውን ገንዘብ በሙሉ፣ የብየዳ ዕቃውንም ሳይቀር እንደሚሰጥ ማለ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ያኔ እኔ ገባሁበት።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። «እውነቱን ነው።»

የፎጣዋ ሴት ቀድማ ተነሳች።

«አልጋ ስለምንሽ ሕዝብ ፊት አዋረድሽኝ። አሁን ደግሞ ወንበርሽን ስጪ ትይኛለሽ? እኔ እኮ ውሸታም ነኝ። የውሸታም ወንበር ምን ይሠራልሻል?»

«በኔ ፍረጂ። ሰውዬው ምን አደረገሽ?»

«እሱስ እውነቱን መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለ ያ የሚያነክሰው ሰውዬ። «ፎጣ የሚያረግዝ ካለ ማኅተም የሚያስቀርጽም አይጠፋም። ያስተማርሽን አንቺው ነሽ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ያው የጠዋቱ ሳቅ ነው፤ እኔው ያሳቅኋቸው ሳቅ። የብየዳው ሰውዬ ተንበርክኮ የአንዱን እግር ያዘ፤ ያኛው እግሩን አስለቅቆ ወደ በሩ ሄደ። የሌላዋን ያዘ። «ተው ወንድሜ፣ እኔም ጉዳይ አለኝ» አለችው፣ እሷስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከሰው ወደ ሰው በጉልበቱ እየሄደ ነበር። ትልቅ ሰው በሲሚንቶ ላይ በጉልበቱ ሲሄድ ማየት ከባድ ነው። እኔ ልብ የለኝም ይላሉ፤ ያን ጊዜ ግን አለቀስኩ።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሾፌሩ ወርዶ የዝርዝሩን አንድ ቅጂ ለኔ ሰጠኝ።

«በቁም አንድ ሰው ጨምርልኝ» አልኩት።

«ሁለት ኬላ አለ እህቴ። ባለፈው ለአንድ ትርፍ ሰው መንጃ ፈቃዴን ተቀምቼ ሦስት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?»

እስክሪብቶዬን ይዤ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሄድኩበት። ይሄን ብሰርዘው ይጮሃል። ይህቺ ትከሰኛለች። እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ይሄኛው ጉልበተኛ ነው። ሠላሳ አንደኛው ስም ላይ ስደርስ መልኳ አልመጣልኝ አለ። ሰልፍ ላይ አላየኋትም፣ አልጋ አልጠየቀችኝም፣ አልዋሸችኝም። ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁ። ጥግ ላይ፣ ከተሰበረው ሚዛን አጠገብ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ትንሽ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የሰማሁት ነገር ቢኖር ሻይ ስሰጣቸው «ይስጥልኝ» ማለታቸው ብቻ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በኔ እጅ ነቀዘ። የማይጮኸውን ሰው መረጥኩ። በስማቸው ላይ አሰመርኩና «በፈቃዳቸው ለቀዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሄጄ ጆሯቸው ሥር አጎነበስኩ። «እናቴ፣ አውቶቡሱ ያንገላታዎታል። ባቡሩ ነገ ይመጣል። እርስዎ አልጋ ይተኛሉ፣ አንሶላው አዲስ ነው።»

ቀና ብለው እስክሪብቶዬን አዩ።

«እንዳልሽ» አሉኝ።

ሰውዬው ስሙ ሲጠራ አላመነም። እጄን ይዞ ሳመው። «የለቀቀልኝ ማነው? እግሩን ልሳም» አለኝ። «ግባ፣ ጊዜ የለም» ብዬ ገፍቼ አስገባሁት። ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ወጣ። በመስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ እኔም አውለበለብኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደግ ሴት ሆኜ የታየሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ሴትዮዋን ወደ ፉርጎው ወሰድኳቸው። አንድ ቁጥር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን ግን አላወለቁም።

«ወደቡ ከተማ ማን አለዎት?» አልኳቸው። መጠየቅ የነበረብኝ ከመሰረዜ በፊት ነው፤ አውቃለሁ።

«ልጄ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት በመርከብ ትሄዳለች። መመለስ የሌለበት ጉዞ ነው።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ደብዳቤ አወጡ፤ አላነበቡትም፣ በቃላቸው ያውቁታል። ከስድስት ዓመት በፊት ልጃቸውን አንድ ክፉ ቃል ተናግረዋት ነበር። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብቻ አሉ። ከቤት ወጣች፣ ስልኳን ቀየረች፣ ስድስት ዓመት ድምፅ የለም። ባለፈው ሳምንት ይህ ደብዳቤ መጣ። ከመሳፈሬ በፊት ወደቡ በር ላይ እጠብቅሻለሁ ይላል። ካልመጣሽ ይቅር እንዳላልሽኝ እቆጥረዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም ይላል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ምን ብዬ? እርጉዝ አይደለሁም፣ አላመመኝም። አልጋ የሚያሰጥ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሽን ፈራሁት። ያቺን ሴት እንደዚያ ስትያት ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ቢስቅበት እሞት ነበር።»

«ስምዎን እኮ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ። እስክሪብቶሽ ቆመና ቀና ብለሽ ፈለግሽኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኹም? ለምን አልተጣሉኝም?» ጮህኩባቸው። እኔው በድዬ እኔው ተቆጣሁ።

«ልጁ ለሕፃን ነው የሚሄደው። የኔዋ ትልቅ ሰው ናት፤ ምናልባት ባቡሩ ነው ብላ ይገባት ይሆናል አልኩ።»

«ይገባት ይሆናል» ያሉት ለራሳቸው ነበር። ደብዳቤውን አጥፈው፣ ፈትተው፣ እንደገና አጠፉት።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳሁት በር የለም። መኪና ያለውን ሁሉ ለመንኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ፒክአፕ ጋራዥ ገብታለች። ባለ ታክሲው መንገዱ ሌሊት አይደፈርም አለኝ፤ አውቶቡሱ የደፈረው በአጀብ ስለሚሄድ ነው አለ። የወደቡን ቢሮ በስልክ ማግኘት ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የልጅቷን ስም ነገርኩ፣ ነገ ጠዋት በር ላይ የምትጠብቅ ሴት አለች፣ እናትሽ መንገድ ላይ ናት፣ ባቡር ነው ያስቀራት በሏት አልኩ። ማዶ ያለው ሰውዬ የሁለት ሺህ መንገደኛ ስም መጥራት እንደማይችል ነገረኝ። ለቅሶዬን ሲሰማ ግን «እንሞክራለን» አለ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እኔም ለመንገደኛ የምለው እሱኑ ነው።

በማግስቱ ሴትዮዋ ሳይነጋ ጀምሮ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሁለታችንም የግድግዳውን ሰዓት አየን። ሁለት ተኩል ላይ ወደ ወደቡ ቢሮ ደወልኩ፤ የማታው ተረኛ ወጥቷል፣ አዲሱ ስለ መልእክት የሚያውቀው ነገር የለም። መርከቡ ግን በሰዓቱ ነው የወጣው። ባቡር ብቻ ነው የሚዘገየው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። የብየዳው ሰውዬ ነው፤ እየሳቀ ያለቅሳል፣ ከኋላው የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ፣ ሰጡኝ! አቅፌያታለሁ! እህቴን ቁርጥ! እድሜ ይስጥዎት፣ ያንን የለቀቀልኝን ሰው ካገኙልኝ...»

«እሺ» አልኩት። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።» ዘጋሁት።

«ደረሰ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ደረሰ።»

«ልጅቷን ሰጡት?»

«ሰጡት።»

«ተመስገን» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ፊታቸው ሁሉ በራ። እዚያው ወንበሬ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ተነሱ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ዞረው ወጥተው እንደ ማንኛውም መንገደኛ መስኮቴ ፊት መጥተው ቆሙ።

«የመመለሻ ትኬት እዚህ ነው የሚቆረጠው?»

«ባቡሩ እኮ ዛሬ ይመጣል» አልኳቸው። «ሐዲዱን ጠግነውታል፣ አለቃው አሁን ነው የነገረኝ። ከሰዓት እዚህ ይደርሳል።»

«ማን ዘንድ ልሂድ ብዬ ነው?» አሉኝ።

ጉዞው ለተቋረጠበት መንገደኛ የነፃ መመለሻ የሚሰጥበት ቅጽ አለ፤ ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የመነሻቸውን ጣቢያ ጻፍኩ። ከሥር «ጉዞው የተቋረጠበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ፣ ከእሱ ሥር የሠራተኛው ፊርማ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«እንደ ሌላው ሰው ጻፊው» አሉኝ።

«ባቡር ዘገየ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።